ማሽን አለኝ ያልኩ ዕለት

ከዋሻችሁ የማይጣራ ነገር ዋሹ። «ትናንት በሕልሜ አየሁህ» ብትሉ ማንም ተነስቶ አያጣራም። «ልጅ ሳለሁ በጣም ጎበዝ ነበርኩ» ብትሉም እናታችሁ አጠገባችሁ ካልተቀመጡ በስተቀር የሚከራከራችሁ የለም። እኔ ግን፣ ስለ ማስረጃ በሳምንት ሃያ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው የፊዚክስ መምህር፣ በሦስት ሽማግሌዎችና በአንድ የልጅ አባት ፊት ቆሜ «ማሽን አለኝ» አልኩ። ማሽን ደግሞ ዕቃ ነው። «እስቲ አምጣው» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አርባ ምንጭ ስመጣ ሦስት ሹራብ ይዤ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሻንጣ አልወጡም። በመጀመሪያው ዓመት ሙቀቱ ስላማረረኝ ዝውውር ጠየቅሁ። በሁለተኛው ዓመት ዝውውሩ ሲፈቀድልኝ «ማን ጠየቃችሁ?» አልኩ፤ ምክንያቱም በመሃሉ ወባ ልመረመር ላይኛው ሰፈር፣ ሴጫ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ አስቴርን አይቻታለሁ። ጣቴን ወግታ ደም ወሰደች፣ ውጤቱን አየችና «ምንም የለብህም» አለችኝ። ተሳስታ ነበር።

አስቴር የጋሽ ዳልኬ ልጅ ናት። ጋሽ ዳልኬ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አባያ ዳር ሙዝ የሚያለሙ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ከሰው ሲጋጭ ከሁሉ በፊት የሚጠሩ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ ልጃቸውንና ጥቁሯን ቮልሳቸውን። የትኛዋን እንደሚያስቀድሙ አስቴር ራሷ እርግጠኛ አይደለችም።

አንድ ሰኞ ሽማግሌ ላክሁ። በሥርዓቱ ጠያቂው አብሮ አይሄድም። ሽማግሌዎቼ ግን ቤቱን ስለማያውቁት በሩን አሳይቻቸው ልመለስ ስል፣ ጋሽ ዳልኬ በሩ ላይ ቆመው ነበርና ተያዝኩ። ሁላችንም ግቢ ገባን። ሽማግሌዎቹ የሚባለውን አሉ። ጋሽ ዳልኬ ሰምተው ሲያበቁ ማንጎው ሥር የቆመችውን ቮልስ እያዩ፣ «ይቺ መኪና ድሮ ፊት ታሳይ ነበር» አሉ። «አሁን ደክማለች። እንደ እኔ።»

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ «ኧረ ገና ነዎት ጋሼ» ይላል። እኔ «አበራታለሁ!» አልኩ።

«በምን?»

«ማሽን አለኝ። የፖሊሽ ማሽን።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ። አንደኛው የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቤቴን ያውቁታል። ከካውያ በቀር የሚሽከረከርም የማይሽከረከርም ማሽን እንደሌለኝ በደንብ ያውቃሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዝም አሉ።

ጋሽ ዳልኬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሎኦ» አሉ። በጋሞኛ ጥሩ ማለት ነው። «መልሱን እሁድ ኑና ውሰዱ። መኪናዋም ለእሁድ ትድረስ።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቮልሷ ላይ ፊቴ ካልታየ አስቴርን እንደማላገኛት ገባኝ። ፊቴ እንዲታይ ደግሞ ማሽን ያስፈልገኛል።

ያን ምሽት ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ አሳለፍኩት። ዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው መኪና ሲወለውል እንደሚውል አላውቅም ነበር። ሁሉም ጥቁር ጓንት አድርገው፣ መኪናውን የታመመ ዘመድ ይመስል እያባበሉ ነው የሚሠሩት። ከእነሱ የተማርኩት ሁለት ዓይነት ማሽን መኖሩን ነው። አንደኛው በአንድ ዘንግ ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኃይለኛና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ከቆየ ቀለሙን አቃጥሎ ያነሳዋል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ ይንቀጠቀጣል። እሱ ቀርፋፋ ነው፤ ቀለም አጥፋ ብላችሁ ብትለምኑት እንኳ እሺ አይላችሁም። ሁሉም ሰው «ለጀማሪ ሁለተኛው» ይላል። ይህን ስሰማ ጀማሪ የሚሉት ሌላ ሰው መሰለኝ።

ማክሰኞ ከክፍል እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ወደሚባለው ታችኛው ሰፈር ወረድኩ፣ እትዬ ብርቄ ሱቅ። እትዬ ብርቄ ከምስማር እስከ ውሃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጡ፣ የሸጡትን ዕቃ ሁሉ ፈተው መግጠም የሚችሉ ሴት ናቸው።

«ቲቸር፣ ምን ጎደለ?»

«የፖሊሽ ማሽን።»

«የማን መኪና ነው?»

«የ... ዘመድ።»

«ዕድሜዋስ?»

«ከእኔ ትበልጣለች።»

«ከዚህ በፊት ሠርተህ ታውቃለህ?»

«መርሁን አውቀዋለሁ» አልኩ።

እትዬ ብርቄ የሚንቀጠቀጠውን አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ትንሽዬ፣ ግራጫ፣ ቁም ነገር የሌላት የምትመስል ማሽን ነበረች።

«ዋቷ ስንት ነው?»

«ዋት ምን ያደርግልሃል? ልትፈጭባት ነው?»

ነገርኳቸው። አንድ ማሽን እየተንቀጠቀጠ ሲሠራ ከኃይሉ ከፊሉ በመንቀጥቀጡ እንደሚባክን፣ ይህም ከአሠራር አኳያ ኪሳራ መሆኑን፣ ጣቴን እያወዛወዝኩ አስረዳኋቸው። እትዬ ብርቄ እስክጨርስ ታገሱኝ፤ ተማሪዎቼ ይህን ያህል ታግሰውኝ አያውቁም። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ቀዩን አወረዱ። ትልቅ ነው። እጀታ አለው። ከፊቱ የበግ ፀጉር የመሰለ ነጭ ነገር ለብሷል፤ ከአንድ እስከ ስድስት የሚዞር ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው፤ ጣት እንዳይደክም ማስነሻውን ተጭኖ የሚይዝ መቆለፊያም አለው።

በዚህ መሃል ቀለም ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬና ከላቫጆ ቦቲ ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ የመጣ ሌላ ሰውዬ ምርጫው ውስጥ ገቡ። ማንም አልጋበዛቸውም፤ ግን እኛ አገር ሰው ዕቃ ሲመርጥ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ማነው? ባለ ቀለሙ «ዕቃ በክብደቱ ነው» አለ። ባለ ላቫጆው «አይ፣ በድምፁ ነው» አለ። ስለዚህ ለበዓል በግ እንደምንመርጠው አደረግን። አንዱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሌላውን አነሳሁ፣ ወገቡን ጨበጥኩ፣ ገለበጥኩት፣ ፀጉሩን ዳበስኩ። ጥርስ ቢኖረው ጥርሱንም አየው ነበር። ቀዩ ከበደኝ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያሉት ባልዲዎች ሁሉ አብረው ተንጫጩ። ባለ ላቫጆው «ይሄ ነው!» አለ።

«ቲቸር» አሉ እትዬ ብርቄ ለመጨረሻ ጊዜ፣ «ትንሿ ማሽን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሷ አትነሳም። እንደገና ካልጫንካት ዝም ትላለች። ቀዩ ይሄ የለውም።»

«ይሄ ቅንጦት ነው» አልኳቸው።

በዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ መብራት ሲሄድብኝ በስልክ ብርሃን ፈተና እያረምኩ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቀዩን ታቅፌ ወጣሁ።

ረቡዕ በቤቴ ፍሪጅ በር ላይ ተለማመድኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ፖሊሹን ቀብቶ ማሽኑን ከማሳረፍ በፊት ማስነሳት እንደማይገባ ነው። ከፍሪጁ በቀር ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ፖሊሽ ሆነ፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የቀኝ ጆሮዬ። ሁለተኛ የተማርኩት ማሽኑ ወደ ቀኝ እንደሚስብ ነው። ስይዘው ይዞኝ ይሄዳል። ማታ ግን የፍሪጁ በር ላይ ፊቴን አየሁትና በኩራት ተኛሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ጋሽ ዳልኬ በሩን ከፍተውልኝ፣ ኤክስቴንሽኑን ሰጥተውኝ ወደ ሙዛቸው ሄዱ። አስቴር ሥራ ላይ ናት። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ ቮልሷና ማንጎው ብቻ ነን። አጠብኳት፣ አደረቅኳት። ከፊት ለፊቱ ኮፈን ጀመርኩ። ፍጥነቱን ሁለት ላይ አድርጌ ስሠራ ጥቁሩ ቀለም ቀስ እያለ ከድካሙ ነቃ። መጀመሪያ የማንጎው ቅጠል ታየ። ቀጥሎ ሰማዩ። ቀጥሎ የራሴ አፍንጫ! ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በሁለት እንዲህ ከሆነ በስድስት ምን ሊሆን ነው ብዬ ወደ ስድስት አዞርኩት። ጣቴ እንዳይደክምም መቆለፊያውን ተጫንኩ።

ወዲያው መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ ሁላችሁም የምታደርጉትን አደረግሁ፤ ሥራዬን ባለበት ትቼ ጥላ ፈለግሁ። ማሽኑን ኮፈኑ ላይ እንደተደፋ አስቀመጥኩት፤ እንዳይንሸራተት ገመዱን በዝናብ መጥረጊያው ዙሪያ ጠመጠምኩት። ይህን ጥንቃቄዬን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄጄ ከቧንቧው ውሃ ጠጣሁ፤ አስቴር ጋም ደወልኩ።

«ፊቴ እየታየኝ ነው» አልኳት።

«አባቴ ይደሰታል» አለች። «ብቻ ተጠንቀቅ እሺ?»

«ምን ያስጠነቅቃል? መብራትም የለም።»

ይህን ከአፌ ሳልጨርስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ከልምድ «መጣ!» ብዬ ጮህኩ። በደስታ ነበር የጮህኩት። ከዚያ ከወደ ማንጎው የሚያጓራ ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስደርስ ቀዩ ማሽን በሙሉ ስድስቱ፣ በገመዱ እንደታሰረ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። ጭስ ጭስ ይሸታል። ሶኬቱን ነቀልኩ። ማሽኑን ሳነሳው ኮፈኑ መሃል ላይ የሰሃን ያህል ክብ ቦታ ላይ ጥቁሩ ቀለም የለም። ከሥሩ ብረት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ያየሁት ሰማያዊ ነው። የጥር ወር ሰማይ የመሰለ፣ ንጹሕ ሰማያዊ። ጥቁሯ ቮልስ ከውስጥ ሰማያዊ ነበረች።

ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም፤ ከአጥሩ ውጭ የጋሽ ዳልኬን ሳል ሰማሁ። ጨርቅ ፈለግሁ፤ ጨርቄን ማሽኑ ጠቅልሎታል። ሸሚዜን ላውልቅ አልኩ፤ የልጅ አባት ፊት በካናቴራ መቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዓይኔ ቧንቧው ሥር ያለው ረጅም እርጥብ ሳር ላይ አረፈ። አንድ እቅፍ ነቅዬ ክቡ ላይ አለበስኩትና ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆምኩ።

ጋሽ ዳልኬ ገቡ። ወደ መኪናዋ ሦስት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እዚህ ላይ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኔም አውቀው ነበር፣ ግን በዚያች ደቂቃ ስሜን ብትጠይቁኝም አላስታውስም። በጋሞ እርጥብ ሳር ቀልድ አይደለም። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ የተቆጣ ሰው ቁጣውን ይዞ እሱን አልፎ አይሄድም። ሳር ታረቁ ማለት ነው። ጋሽ ዳልኬም ያዩት የእኔን መሸፈኛ አይደለም፤ እሳቸው ያዩት አንድ ሰው መጥቶ፣ አጥቷቸው፣ ልመናውን መኪናቸው ላይ አስቀምጦ መሄዱን ነው።

«ማነው የመጣው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«እኔ... ጓሮ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ነበር ጋሼ። አላየሁም።»

ይኼ ሁለተኛው ውሸት ነው። ጋሽ ዳልኬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ጌታሁን» አሉ፤ ለራሳቸው። ከዚያ እጄን ወደ ኮፈኑ ስሰድድ አዩኝና ብድግ አሉ። «እንዳትነካው! ጎሜ ነው።»

ጎሜ ማለት የማይተላለፉትን ነገር መተላለፍ ነው። ሳሩን ነገሩ ሳያልቅ የሚያነሳው ሰው የለም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ የእኔ ጥፋት በዞኑ ውስጥ ከሁሉ የተጠበቀ ጥፋት ሆነ።

ጌታሁን ማን እንደሆኑ አስቴርን በስልክ ጠየቅኋት። ጋሽ ጌታሁን የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከተራራው አናት፣ ጨንቻ ይኖራሉ። ቮልሷን ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ነበር የገዟት፤ ሰማያዊውን ቀለም የመረጡት ጋሽ ጌታሁን ነበሩ። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ታላቅየው ለሽማግሌ የሚገባው ጥቁር ነው ብለው ሳያማክሯቸው አስቀየሯት። ጋሽ ጌታሁን ተመልሰው ሲያዩ «ፋቅካት?» ብለው ብቻ ጠየቁ፤ መልስም ሳይጠብቁ ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጨንቻ ወጡ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። ጋሽ ዳልኬ የሰው ጠብ ሲያስታርቁ የሚውሉ ሰው ሆነው የራሳቸውን ወንድም ስም አንስተው አያውቁም።

«ዛሬ አነሱት» አልኳት።

«አባቴ?» አለች አስቴር። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ተስፋ ስሰማ እውነቱን ልነግራት ያሰብኩትን ዋጥኩት።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ችግር ተፈጠረ። በአርባ ምንጭ ፀሐይ እርጥብ ሳር ምን ያህል ይቆያል? ከትምህርት ቤት በፊት በአጥሩ ሳጮልቅ ሳሩ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ከአባያ የሚመጣው ነፋስም እያገላበጠው ነው፤ በአንድ ጠርዝ በኩል ሰማያዊው ብቅ ብሏል። ጋሽ ዳልኬ ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን አረጋግጬ ገባሁ፣ ከቧንቧው ሥር አዲስ ሳር ነቀልኩ፣ ቀየርኩ፣ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አስቴር ደወለችልኝ። «ዛሬ ጠዋትም አዲስ ሳር ተቀምጧል! አባቴ ምን አለ መሰለህ? ‹አጥብቆ ለመነኝ› አለ። ጨንቻ ሰው ልኳል። ‹ሳሩን አይቻለሁ፣ ና› ብሎ።»

ግንባሬን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ተማሪዎቼ የስበት ሕግ ላሳያቸው ነው ብለው ማስታወሻ ያዙ።

ከሰዓት ቀዩን ታቅፌ እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ። ፀጉሩ ጥቁርና ሰማያዊ ሆኗል። አገላብጠው አዩት።

«ከዘመድህ ጋር ሰላም ናችሁ?»

«በትንሿ ይቀይሩልኝ እትዬ» አልኳቸው። «ከእንግዲህ ምንም ነገር የማይነቅል ማሽን ነው የምፈልገው። ሰው ቢለምነውም።»

ግራጫዋን ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ይህ ከምክርም ከስድብም በላይ አሳፈረኝ። ቀዩን እዚያው እያለሁ የእብነ በረድ ወለል የሚያለሰልስ ሰውዬ ዋጋ ጠይቆ ወሰደው። በመሄዱ እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስተኛውን ሳር እያለበስኩ ሳለሁ ከኋላዬ «አንተ ነህ» የሚል ድምፅ መጣ። አስቴር ናት። ነጠላዋን እንደተከናነበች እኔን፣ ሳሩን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ክብ አየች። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መብራቱ፣ ስለ መቆለፊያው፣ ስለ ስድስቱ። ትስቃለች ወይስ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ዛሬውኑ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«አፍህን ብትከፍት!» አለች። «አጎቴ ነገ ይመጣል። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሸሚዝ ሲመርጥ ነው ያደረው። አጎቴ ካወቀ ይቀራል። አባቴ ካወቀ...»

እሁድ ማንጎው ሥር ወንበር ተደረደረ። የእኔ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የሰፈሩም ሽማግሌዎች መጡ። የእኔ መልስ የሚሰጥበት ቀን መሆኑን ያስታወሰ ግን አልነበረም። ጋሽ ጌታሁን ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ ሽመና ጥለት ያለው ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ሲቆሙ ሁሉም ከወንበሩ ተነሳ። የጋሽ ዳልኬ ግልባጭ ናቸው፤ ትንሽ ቀጠን ያሉ ብቻ። ሰላም አልተባባሉም። ሁለቱም በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹ ከመረቁ በኋላ ጋሽ ዳልኬ ሳሩን በሁለት እጃቸው አነሱ።

ሰማያዊው ክብ ወጣ።

ጋሽ ጌታሁን ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸውን አስጠግተው ዳበሱት። «አልፋቅካትም?» አሉ።

«ማን ፋቅኳት አለህ?» አሉ ጋሽ ዳልኬ። «ከላዩ ነው ያስቀባሁት። የአንተን ቀለም በምን አንጀቴ እፍቃለሁ? ሳትጠይቀኝ ሄድክ።»

ሁለት ሽማግሌ ሰዎች ኮፈን ላይ ተደግፈው ሲያለቅሱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ጋሽ ጌታሁን «ይህችን መስኮት ስለከፈትክልኝ፣ ሳሩንም ስላስቀመጥክልኝ» እያሉ የወንድማቸውን እጅ ሲስሙ ነገሩ በእኔ ውሸት ላይ እንዲቆም ልቤ እምቢ አለ። አስቴር ከበረንዳው በዓይኗ እየገደለችኝ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ሳሩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቀለሙንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ማሽንም አልነበረኝም።»

ርዕሰ መምህሬ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጋሽ ዳልኬ ግን መሐረባቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ሳሩ ከእኔ ቧንቧ ሥር የተነቀለ ነው። ነጭ ፖሊሽ ነበረበት። ወንድሜ ከጨንቻ ድረስ ወርዶ የእኔን ጓሮ ሳር ይነቅላል?»

«ታዲያ ለምን...»

«መምህር» አሉ፣ «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳር ቢያስቀምጥልኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ለሰው አስቀምጣለሁ እንጂ ለራሴ ማስቀመጥ አፍሬ። ሳር ሳር ነው። ማን አስቀመጠው አይባልም።»

«እኔ ‹ሳሩን አይቻለሁ› ስትለኝ ራስህ አስቀምጠህ ያፈርክ መስሎኝ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት!» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

«ልትመለስ ነው?»

«ምሳ ሳልበላ?»

ከምሳ በኋላ የእኔ ነገር ተነሳ። ጋሽ ዳልኬ ወንድማቸውን አማከሩ፤ ተንሾካሾኩ፤ ሁለቱም ወደ ቮልሷ አዩ። «ልጅቷን ሰጥተናል» አሉ። «ሙሽሮቹ የሚሄዱት በዚህች መኪና ነው። ግን በጥቁር አይደለም። ጥቁሩ ይውረድ። ሰማያዊ ስትሆን ሠርጉን እንቆርጣለን። መምህሩ ማሽን አለው።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ አየር ላይ እንዳለ ቤቴ ውስጥ ያለችው ማሽን የትኛዋ እንደሆነች ትዝ አለኝ።

ይኸው አራተኛ ሳምንታችን ነው። በየቀኑ ከክፍል በኋላ ግራጫዋን ማሽን ይዤ እመጣለሁ። ትንቀጠቀጣለች። መብራት ሲሄድ ቆማ፣ ሲመጣም በጨዋነት ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። እትዬ ብርቄ ቃላቸው ቃል ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ጠብታ ጥቁር አልነቀለችም። እንዲያውም ጥቁሩ አብርቶ አብርቶ ጉድ ሆኗል። ፊቴ ይታያል፣ ቁልጭ ብሎ፤ ላብ ያጠመቀው፣ ሠርጉ የራቀበት ፊት። ቀዩን ማሽን የገዛው ሰውዬ ሳውላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አሉ። ጋሽ ጌታሁን ጨንቻ መመለሱን ትተው እዚሁ ከርመዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ማንጎው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩኛል።

«መምህር፣ ሰማያዊው መጣ?»

«እየመጣ ነው ጋሼ።»

የሚቸኩሉም አይመስሉኝም። ያለፈውን አሥራ ሰባት ዓመት ወሬ ገና አላገባደዱትም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። መልሱን የሰጡኝ አባቷና አጎቷ ናቸው፤ አስቴር ግን ከዚያ እሁድ ጀምሮ ስለ ሠርጉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አፍህን እንዳትከፍት ብላኝ ከፍቻለሁ። ተቀይማኛለች ብዬ ነበር።

ትናንት ከሥራ መጣች። ጋወኗን አውልቃ በረንዳው ላይ ሰቀለች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። በእጇ አንድ ወፍራም ብርጭቆ ወረቀት፣ እንጨት ሠሪዎች የሚፍቁበትን፣ ይዛለች። እኛን አልፋ በወዲያኛው በር በኩል ተንበርክካ መፋቅ ጀመረች። ትንሽ እንደቆየች ከእጇ ሥር የሳንቲም ያህል ሰማያዊ ብቅ አለ።

ማሽኔን አጠፋሁ፤ ሶኬቱንም ነቀልኩ። ዞሬ ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«ከወረቀቱ ግማሹን ቅደጂልኝ» አልኳት።